ዕዳና እሳት

መሬት የወደቀ ቁራሽ እንጀራ ሲያዩ ጎንበስ ብለው አንሥተው፣ ስመው፣ እግር በማይደርስበት ሥፍራ የሚያኖሩ አረጋውያን በኢትዮጵያ ዛሬም አሉ። እህል አይረገጥም፤ የገበሬው ላብ፣ የክረምቱ ዝናብና የፈጣሪ ቸርነት በአንድነት የሚታዩበት ነውና ክቡር ነው። ነገር ግን ያው ቁራሽ ከገበታ ተነሥቶ፣ ከወጥ ዝቃጭና ከልጣጭ ጋር ተደባልቆ፣ በቆርቆሮ ተጠራቅሞ ከአጥር ውጭ በተደፋ ማግሥት ስሙ ይለወጣል፤ ቆሻሻ ይባላል። ትናንት ስሞ ያነሣው ሰው ዛሬ አፍንጫውን ይዞ ያልፈዋል። ከዚያ ክምር ላይ ጎንበስ ብላ የምትለቅም ሴት ብትኖር፣ ጎንበስ ማለቷ ከአረጋዊው ጎንበስ ማለት በምንም ሳይለይ፣ እርሱ ምርቃት ሲያገኝ እርሷ ግልምጫ ታተርፋለች።

በአንዲት ሌሊት ውስጥ ምን ተለወጠ? እህሉ እንደሆነ ያው እህል ነው። በውስጡ የታመቀው የፀሐይ ጉልበትም ከሞላ ጎደል እንዳለ ነው። የተለወጠው ባለቤቱ ነው፤ አንድ ሰው «የእኔ አይደለም» ብሎ ተወው። እንግዲህ ቆሻሻ የሚባለው በመሠረቱ የዕቃ ጠባይ ሳይሆን የዝምድና መቋረጥ ነው ማለት ይቻላል። ጥያቄው ግን በዚህ አያበቃም። ውርደቱ ከተጣለው ዕቃ ጋር አብሮ ቢቀር መልካም ነበር፤ ዳሩ ግን አይቀርም፤ ዕቃውን ወደሚያነሣው እጅ ይሻገራል። የጣለው ንጹሕ፣ ያነሣው ርኩስ ይሆናል። ይህን የተገላቢጦሽ ፍርድ የፈረደው ማን ነው? በምንስ ይሻራል?

በቀድሞው የገጠር ቤት ቆሻሻ የሚለው ቃል እምብዛም ሥራ አልነበረውም። የጠላው አተላ ለከብት ይሰጣል፤ የተረፈው እንጀራ ማለዳ ፍርፍር ይሆናል፤ ከዚያም የተረፈው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ ድርቆሽ ሆኖ ለመንገደኛ ስንቅ ይቀመጣል፤ የከብቱ እበት ተጠፍጥፎ ኩበት፣ ኩበቱ እሳት፣ አመዱ ደግሞ ለጓሮ ይሆናል። ይህን ሁሉ ዑደት በዓይኗና በእጇ የምትመራው የቤቲቱ እመቤት ናት። ማንም ግን መሪ ብሎ አልጠራትም። ይልቁንም «ኩበት ለቃሚ» የሚለው አነጋገር ከስድብ ቃላት ጋር ተመደበ። በሸክላ ሠሪዋ፣ በቀጥቃጩና በፋቂው ላይ የደረሰው ንቀትም የዚሁ ወንድም ነው፤ ሕዝቡ ያለ ምጣድ እንጀራ፣ ያለ ማረሻ እርሻ እንደሌለው እያወቀ የሠሪዎቹን ዓይን ይፈራ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ባለ እጆችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። አዋጁ ተነገረ፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ብዙ ዘመን ኖረ። ንቀት በቃል የተሠራ ብቻ ቢሆን ኖሮ በቃል በፈረሰ ነበር።

ከተማ ያንን የቤት ዑደት በጠሰው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ መሠረት በ2022 ብቻ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ በዓለም ላይ ባክኗል፤ ከዚህም 60 በመቶ ያህሉ የወጣው ከመኖሪያ ቤቶች ነው። ይህ ሁሉ ትርፍራፊ በከተማ ዳር ሲከመርና ከሥር አየር ሲያጣ ሜቴን የተባለውን ጋዝ ይተነፍሳል። ሜቴን በመቶ ዓመት ሒሳብ ሲለካ ምድርን በማሞቅ ረገድ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ይበረታል። ያው ጋዝ በተዘጋ ጋን ውስጥ ቢያዝ ግን ወጥ ያበስላል። በጥፋትና በልማት መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ክዳን ነው፤ ክዳኑን የሚከድነው ሰው ነው ማለት የበለጠ ትክክል ይሆናል። በሌላው ወገን ደግሞ እንጨት፣ ከሰልና ኩበት በሚነድበት ጓዳ የሚጨስ ጢስ አለ። የዓለም የጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው በ2020 በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት የሞተው ሰው 3.2 ሚሊዮን ነው። ምድጃው አጠገብ የምትውለው ማን እንደሆነች ለሚያውቅ ሰው የነዳጅ ጥያቄና የሴት ጥያቄ ሁለት ጥያቄዎች አይደሉም።

ያንን የተገላቢጦሽ ፍርድ በአዋጅ ሳይሆን በሥራ ለመሻር ከተነሡት መካከል የህንድ የወደብ ከተማ የሆነችው የሙምባይ ሴቶች ይገኙበታል። ታሪካቸው የሚጀምረው ደግሞ ከቆሻሻ ክምር ሳይሆን ከተውኔት ነው፤ ለኪነ ጥበብ ሰው ይህ በዋዛ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ዓለም አቀፉ የሴቶች ዓመት በተከበረበት በ1975 በዚያች ከተማ «ስትሪ ሙክቲ ሳንጋታና»፣ ማለትም የሴቶች ነፃነት ድርጅት፣ የተባለ ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበሩን ከመሩት አንዷ ወይዘሮ ጂዮቲ ምሃፕሴካር መተዳደሪያቸው የቤተ መጻሕፍት ሥራ፣ ጥሪያቸው ግን ተውኔት ነበር። በ1983 «ሙልጊ ዛሊ ሆ» የተባለ ባለ ዜማ ተውኔት በማራቲ ቋንቋ ጻፉ፤ ርእሱ «ሴት ልጅ ተወለደች» ማለት ነው። ወንድ ሲወለድ ሰባት፣ ሴት ስትወለድ ሦስት እልልታ በሚሰማበት አገር ያደገ ሰው ይህን ርእስ ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። በህንድ ደግሞ ጥሎሹን የሚከፍለው የሙሽራዪቱ ቤተሰብ በመሆኑ፣ ሴት ልጅ ከእናቷ ማኅፀን ስትወጣ ዕዳ ይዛ የመጣች ተደርጋ ትታያለች። ተውኔቱ በአዳራሽም በመንደርም በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ታየ።

ተውኔት የሚችለውን ሠራ። የማይችለውም ነበር። ያለቀሰችውና ያጨበጨበችው ሴት መብራቱ ሲጠፋ የምትመለሰው ወደዚያው ጓዳ፣ ወደዚያው ባዶ መሶብ ነው። ነቅቶ መራብ ሳይነቁ ከመራብ ይሻል ይሆናል፤ ግን መራብ ነው። ለቅስቀሳ ሥራ የተሰማራ ሁሉ አንድ ቀን ከዚህ ግድግዳ ጋር መላተሙ አይቀርም።

ማኅበሩ በ1990ዎቹ መጨረሻ ፊቱን ወደ ቆሻሻ ለቃሚ ሴቶች መለሰ፤ ሥራውንም «ፓሪሳር ቪካስ»፣ የአካባቢ ልማት፣ ብሎ ሰየመው። በሙምባይ ጎዳናዎችና ገንዳዎች ወረቀት፣ ፕላስቲክና ብረት እየለቀሙ ለአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ከሚሸጡት ሰዎች አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ከእነርሱም የሚበዙት በካስት ሥርዓት «አይነኬ» ተብለው ሲገፉ ከኖሩት ዳሊቶች የተወለዱ ናቸው። በ1972 በማሃራሽትራ ክፍለ ሀገር የደረሰው ድርቅ መሬት የሌላቸውን ብዙ ቤተሰቦች ወደ ከተማዪቱ ነድቷል። በ1927 የተከፈተው የዴኦናር ቆሻሻ መጣያ ለብዙዎቹ እርሻቸውም ገበያቸውም ሆነ፤ በ2016 መጀመሪያ በእሳት ተያይዞ ጢሱ ከተማዪቱን በሸፈነ ጊዜ ባለ ፎቁ ሁሉ የክምሩን መኖር ሲያስታውስ፣ እነርሱ ግን ያን አየር ሲተነፍሱት ኖረዋል። ለቃሚዋ ለረጅም ዘመን የምትፈልገው ደረቁን ነበር። እርጥቡ፣ ማለት የምግቡ ትርፍራፊ፣ ወረቀቷን የሚያበሰብስ፣ እጇን የሚያቆስል፣ ውሻና አይጥ የሚጠራ ጠላቷ ነበር። የአዲሱ ሥራ ምስጢር ይህን ጠላት ማስገበር ነው።

በሙምባይ የሚገኘው የባባ የአቶም ምርምር ማዕከል ባልደረባ የነበሩት ሳይንቲስት ሻራድ ካሌ ለወጥ ቤት ትርፍራፊ የሚስማማ የባዮጋዝ ማብላያ አዘጋጅተው ነበር። ትርፍራፊው ተለቅሞና ተፈጭቶ፣ በሙቅ ውኃ ተበጥብጦ መጀመሪያ አየር ወደሚገባበት ጋን ይወርዳል፤ በዚያ ሙቀት የሚወዱ ረቂቅ ተሕዋስያን ያላሉታል። ከዚያ አየር ወደማይደርስበት ሁለተኛ ጋን ተሻግሮ ሜቴን ይሆናል። የሚቀረው ዝቃጭ ለአትክልት ማዳበሪያ ነው። ለመሆኑ የከብት እበት እያለ ትርፍራፊ ለምን ተመረጠ? መልሱ ቀላል ነው። ላሟ ከሣሩ ያለውን ጉልበት ቀድማ ለራሷ ወስዳለች፤ እበቱ ከተበላ የተረፈ ነው። የተጣለ ሩዝና ቂጣ ግን ገና ያልተበላ ነውና ከኪሎ ኪሎ ሲመዘን ብዙ እጥፍ ጋዝ ይሰጣል። የማኅበሩ ሴቶች ይህን ማብላያ ማንቀሳቀስ ሠለጠኑ፤ ከየቤቱና ከየምግብ አዳራሹ እርጥቡን ከደረቁ ለይቶ መሰብሰብን፣ መመዘንን፣ መመገብን፣ ጋዙን መቆጣጠርን ሥራዬ ብለው ያዙ።

«መመገብ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ዘይቤ አይደለም። ማብላያው ሕይወት ያለው ነገር ነው። አጥንት፣ የእንቁላል ቅርፊትና የኮኮናት ልጣጭ አይስማሙትም። ከልክ በላይ ቢሰጡት ይኮመጥጣል፤ ሲኮመጥጥ ሜቴን ሠሪዎቹ ተሕዋስያን ይሞታሉ፤ ጋዙ ይወጣል፣ ነበልባል ግን እንቢ ይላል። ያን ጊዜ ማስጾም፣ ውኃ ማለማመድ፣ መጠበቅ ያስፈልጋል። ጠላ ጠምቃ የምታውቅ፣ ሊጥ አቡክታ አብሲት የጣለች ኢትዮጵያዊት ይህን ትምህርት ብትሰማ ግማሹን ታውቀዋለች። ጥንስሱ መቼ እንደሚደፈደፍ በሰዓት አይነገራትም፤ በሽታው፣ በአረፋው፣ ጋኑ በሚያሰማው ድምፅ ትረዳለች። የሙምባይዋ ለቃሚም በርሜሉ ሲከፈት የሚወጣውን ሽታ ከሰማች ዘንድ የትናንት ይሁን የሦስት ቀን፣ ሎሚ ይብዛበት ዘይት መናገር ትችላለች። ይህ ዕውቀት ከመጽሐፍ የተገኘ አይደለም፤ ሰዎች አፍንጫቸውን ይዘው ባለፉበት ሥፍራ ለሃያና ለሠላሳ ዓመት አፍንጫን ሳይይዙ በመሥራት የተገኘ ነው። ኅብረተሰቡ ውርደት ብሎ የመዘገበውን ዘመን ማብላያው የሥራ ልምድ ብሎ መዘገበው።

በነገራችን ላይ ሙምባይ ቦምቤይ በምትባልበት ዘመን፣ በ1897፣ በማቱንጋ ይገኝ በነበረው የሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያ ከሰው ዓይነ ምድር የሚገኘው ጋዝ ለመብራት ውሎ ነበር። ከተማዪቱ ከመካከሏ ያወጣቻቸው ሰዎች፣ ከተማዪቱ ስሙን መጥራት ከምትጸየፈው ነገር፣ ብርሃን አበሩ። ይህ በብዙ የቴክኒክ መጻሕፍት ውስጥ በአንዲት መስመር ብቻ ይታለፋል፤ ለጸሐፌ ተውኔት ግን ሦስት ገቢር የሚበቃው ነገር ነው።

የካሌ ማብላያ ስም «ኒሳርግሩና» ነው። ቃሉ ከሁለት የተገጠመ ሲሆን ለተፈጥሮ ያለ ዕዳ ማለት ነው። ከአፈር የወሰድከውን ለአፈር መልስ የሚል ሐሳብ ይዟል፤ ማለፊያ ስም ነው። ሆኖም ስሙ በተነሣ ቁጥር አንድ ሌላ ዕዳ ከጀርባው ይሰማል። ተፈጥሮ አበዳሪ ከሆነች፣ ተበዳሪው በልቶ የጣለው ሰው ነው። ዕዳውን እየከፈለች ያለችው ግን ከገበታው ያልተቀመጠችው ሴት ናት። አንዱ የበላውን ሌላው ሲከፍልለት ቆይቶ፣ ከፋዩ «ዕዳህን ስለ ከፈልኩልህ አመስግነኝ» ሳይሆን «ዕዳህን እንድከፍል ስለ ፈቀድክልኝ አመሰግናለሁ» እንዲል ከተፈለገ ነገሩ ልማት መባሉ ያጠራጥራል። የጉዳዩ ሥነ ምግባራዊ እሾህ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ በቀላሉም አይነቀልም።

እሾሁን ቀድሞ ያየው ሰው በዚያው ክፍለ ሀገር የሠራው ዶክተር ቢምራኦ አምቤድካር ነው። ዴኦናር በተከፈተበት በ1927፣ አምቤድካር በሺህ የሚቆጠሩ ዳሊቶችን እየመራ ማሃድ በተባለች ከተማ ወደሚገኝ የሕዝብ ኩሬ ሄደ፤ ከተከለከሉት ውኃም ጨልፈው ጠጡ። በዚያው ስብሰባ ለወገኖቹ ያስተላለፈው ምክር የበከተ ሥጋ መብላትን እንዲተዉ፣ ለውርደት ምልክት ከሆነው ሥራም እንዲላቀቁ ነበር። በ1936 ባሳተመው ጽሑፉ ደግሞ ካስት ሥራን ከሥራ የሚለይ ብቻ ሳይሆን ሠራተኛውን ራሱን በማይወጣበት አጥር የሚከልል መሆኑን ተከራክሯል። በ1950 በሥራ ላይ የዋለውና አምቤድካር በማርቀቁ ቀዳሚ ድርሻ የነበረው የህንድ ሕገ መንግሥት በ17ኛው አንቀጹ አይነኬነትን ሻረ። እንግዲህ የአምቤድካር መንገድ ግልጽ ነው፤ ሰንሰለቱ የተሠራው ከዚያ ሥራ ከሆነ ሥራውን ትቶ መውጣት ነው። ይህን መንገድ የሚከተል ሰው የባዮጋዙን ማብላያ አይቶ መራር ጥያቄ ሊያቀርብ ይችላል። የዳሊቷን ልጅ ከቆሻሻው ማውጣት ሲገባ ቆሻሻውን በአዲስ ስም አስጊጦ እዚያው ማኖር፣ ሰንሰለቱን በወርቅ መለበጥ አይደለምን? ጎረቤቷ መሐንዲስ ሲሆን እርሷ «አረንጓዴ ሠራተኛ» ብትባል ምን ተጠቀመች?

ይህ ጥያቄ በጥሩ ዓላማ ብቻ አይመለስም። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ሥራ ሁሉ ክቡር ነው» የሚል ነው። መልሱ ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን የሚናገረውን ሰው ማየት ያሻል። ሥራ ሁሉ ክቡር ነው የሚለው ራሱ ያንን ሥራ ሊሠራ የማይፈልግ፣ ልጁንም የማያሠራ ሰው ሲሆን፣ ቃሉ ስብከት መሆኑ ቀርቶ ማባበያ ይሆናል። በሌላ በኩል ደግሞ ትቶ መውጣት የሚለውም መንገድ ለሁሉ ክፍት አልነበረም። አርባ ዓመት የሞላት፣ ፊደል ያልቆጠረች፣ አራት ልጅ የምታሳድግ ለቃሚ ወዴት ትወጣለች? ወደ ሰው ቤት ሎሌነት? ወደ ጡብ ተሸካሚነት? በሁለቱም ዘንድ ዕውቀቷ እንደሌለ ይቆጠራል። በማብላያው ዘንድ ግን ይቆጠራል። የሙምባይ ሴቶች ምርጫ ከአምቤድካር ጋር የሚጣላ መስሎ ቢታይም በአንድ ነገር ከእርሱ ጋር ይስማማል፤ ሁለቱም ውርደቱን እንደ ዕጣ ፈንታ አልተቀበሉትም። እርሱ በሩን ክፈቱ አለ፤ እነርሱ ደግሞ በሩ እስኪከፈት ድረስ ቤቱን የእነርሱ አደረጉት።

ሁለተኛው አደጋ ከዚህ በተቃራኒ ይመጣል። ቆሻሻው ርካሽ ሳለ ለእርሷ የተተወው፣ ዋጋ ባወጣ ማግሥት ከእርሷ ሊወሰድ ይችላል። ኢትዮጵያ ይህን ታሪክ በወፍጮ ታውቀዋለች። እህል በድንጋይ ሲፈጭ ጉልበቷን ያደቀቀው ሥራ የሴት ነበር፤ ማንም ወንድ ድርሻዬን አላለም። የሞተር ወፍጮ በመጣ ጊዜ ሴቲቱ ከመጅ ማረፏ እውነት ነው፤ ማንም የዚያን ዕረፍት ዋጋ ማቃለል አይገባውም። ግን «ባለ ወፍጮ» የሚለው ስም በአብዛኛው የወንድ ሆነ፤ እርሷ እህሉን ተሸክማ ወረፋ የምትጠብቅ ደንበኛ ሆነች። ሥራው አድጎ ማዕረግና ትርፍ ሲያገኝ ሠሪዋን ጥሎ ይሄዳል። በህንድም ይህ አልታጣም። በዋና ከተማዪቱ በዴልሂ፣ በኦክላ ሠፈር፣ ቆሻሻን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ፋብሪካ በ2012 ሥራ ሲጀምር ከተቃወሙት መካከል ጢሱን የፈሩ ነዋሪዎች ብቻ ሳይሆኑ ለቃሚዎቹም ነበሩ፤ በከባድ መኪና ተጭኖ ወደ እቶን የሚገባው ነገር የእነርሱ እንጀራ ነበርና። በፑኔ ከተማ ግን ነገሩ በሌላ መንገድ ሄደ። በዚያ ለቃሚዎች በ1993 የሠራተኛ ማኅበር አቋቁመው ነበር፤ በ2008 ደግሞ «ስዋች» የተባለው፣ ባለቤቶቹ ለቃሚዎቹ ራሳቸው የሆኑት የኅብረት ሥራ ማኅበር ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ውል ተፈራርሞ ቆሻሻ ከየደጁ የመሰብሰቡን ሥራ ያዘ። የህንድ መንግሥት በ2016 ያወጣው የደረቅ ቆሻሻ ደንብም ለቃሚዎችን በስም አውቆ በሥርዓቱ ውስጥ እንዲታቀፉ አዝዟል። ደንብ ብቻውን ምን ያህል እንደሚራመድ ከምኒልክ አዋጅ መማር ይቻላል። ቢሆንም የተጻፈ ቃል የተደራጀ ሰው እጅ ሲገባ ዱላ ይሆናል።

አዲስ አበባም በዚህ ጥያቄ ውስጥ አለች። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በረጲ፣ ሕዝቡ «ቆሼ» በሚለው መጣያ፣ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ቀበረ፤ ከሟቾቹ ሴቶችና ሕፃናት ይበዙ ነበር። ነሐሴ 2010 ዓ.ም. በዚያው በረጲ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ ለማመንጨት የተሠራው ፋብሪካ ተመረቀ። ስለ ፋብሪካው በተነገረው ሁሉ ዋናው መለኪያ ሜጋዋት ነበር። የኢትዮጵያ ከተሞች ቆሻሻ ግን አብዛኛው እርጥብ ነው፤ የልጣጭ፣ የቅጠልና የእንጀራ ነው። እርጥብ ነገር ለእቶን ከባድ፣ ለጋን ግን የተመቸ መሆኑን ለማወቅ ሳይንቲስት መሆን አያስፈልግም፤ እርጥብ ማገዶ ያነደደች ሴት ሁሉ ታውቀዋለች። ቆሼ ላይ ዕድሜዋን ከፈጀች ለቃሚ ይህን የጠየቀ ኖሯል? ከእንጦጦ ቁልቁለት ቅጠልና ጭራሮ አዝላ የምትወርደውን ሴት፣ የከተማዪቱን የእሳት ታሪክ በጀርባዋ የተሸከመችውን፣ ስለ እሳት የጠየቃት ማን ነው? በገጠር ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የተስፋፋው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በእበት ላይ ቆሞ ለብዙ ቤተሰብ ጢስ የሌለው እሳት ሰጥቷል። የከተማው ትርፍራፊ ግን እስካሁን አስታዋሽ የሚፈልግ ሀብት ነው።

«ሴቶች የሚመሩት» የሚለው ሐረግ በዘመኑ ዘገባዎች ላይ በብዛት ይታያል። አብዛኛውን ጊዜ ከማብላያው አጠገብ ጓንት አጥልቃ ፈገግ ያለች ሴት ፎቶግራፍ አብሮት ይታተማል። ፈገግታው እውነተኛ ሊሆን ይችላል። መምራት ግን በፈገግታ አይታወቅም። የግቢው ቁልፍ ያለው በማን ኪስ ነው? የተሰበረ ብርጭቆ የተቀላቀለበት በርሜል ሲመጣ «አልቀበልም፣ ለይታችሁ መልሱ» ለማለት ሥልጣን ያላት ማን ናት? ጋዙ ያነሰ ቀን ደመወዝ ይቀነሳል ወይስ አይቀነስም? የማዳበሪያው ሽያጭ ገንዘብ በማን ፊርማ ይወጣል? እነዚህ ጥያቄዎች ግጥም አይወጣቸውም፤ የሥራ መሪና የሥራ መሣሪያ የሚለዩት ግን በእነርሱ ነው። ከሁሉም በላይ «አልቀበልም» የምትለዋ ቃል ትልቅ ክብደት አላት። እስከዚያች ቀን ድረስ ለቃሚዋ የሰጧትን ሁሉ መቀበል ዕጣዋ ነበር። ባለ ቤቷ ቆሻሻዋን እንድትለይ ስትገደድ፣ በሕይወቷ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የጣለችውን መልሳ ትመለከተዋለች፤ ያቺ የተቋረጠች ዝምድና በክር ቀጭን ትቀጠላለች።

የአምቤድካርም ጥያቄ መፍረጃው ከዚህ ብዙም አይርቅም። የለቃሚዋ ልጅ ትምህርቷን ጨርሳ «የእናቴን ሥራ አልፈልግም» ብትል በሩ ክፍት ነው? የብራህማኑ ልጅ ደግሞ መጥቶ «እኔም ጋኑን መመገብ ልማር» ቢልስ? የመጀመሪያው በር ጥቂት ጥቂት እያለ መከፈት ጀምሯል። ከውጭ ወደ ውስጥ የሚያስገባው ሁለተኛው ግን ገና እንደ ተዘጋ ነው። ከአንድ ወገን ብቻ የሚከፈት በር ያለው ቤት፣ ግድግዳው ምንም ያህል ቢቀባ፣ እስር ቤትነቱ ጨርሶ አልጠፋም ማለት ነው። ይህ የሙምባይ ሴቶች ጉድለት አይደለም። የሌሎቹ ዕዳ ነው።

በማብላያው ደጃፍ ላይ ከሚለየው ነገር ሁሉ ደግሞ ትርፍራፊ ያልሆነ ይገኛል። የሠርግ ግብዣ ካለፈበት አዳራሽ በመጣ በርሜል ውስጥ፣ ከሩዙና ከቅመሙ ሥር፣ ማንም ያልቆረሰው ሙሉ ቂጣ አንዳንዴ ንጹሑን ይወጣል። መፍጫው ይህን አይለይም፤ ቂጣ ስታርች ነው፣ ስታርች ጋዝ ነው። ሴቲቱ ግን ትለያለች። በዚያች ከተማ ያን ቂጣ የሚበላ ሰው እንዳለ፣ የት እንደሚኖርም ታውቃለች። መመሪያው ሁሉም ወደ ጋኑ ይግባ ይላል። ቂጣው እጇ ላይ ለአፍታ ይቆያል፤ ጎንበስ ብላ እንደ ሆነ ያነሣችው ማንም አላየም። ከዚያ ወደ መፍጫው ትጥለዋለች፤ ረፋድ ሆኗል፣ ወጥ ቤቱም እሳት ይጠብቃል።